ደም የተቋረጠበት ኩላሊት ከጉዳት የሚድነው እንዴት ነው?

በሳይንስ ትምህርት ስለ ኩላሊት ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንደርሰው እስከ ሽንት አሠራር ድረስ ነው። ኩላሊት ደም ያጣራል፤ ቆሻሻውን ከውሃ ጋር ያስወጣል፤ ትምህርቱም እዚያው ላይ ያበቃል። ተማሪው ግን እናት ለልጇ፣ ወንድም ለእኅቱ ኩላሊት ሰጠ ሲባል ይሰማል። እጁን አውጥቶ «ታዲያ መምህር፣ ኩላሊቱ ከአንዱ ሰው ወጥቶ ሌላው ውስጥ እስኪገባ ለምን አይሞትም?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልስለታለን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠትና መልሱንም በክፍል ውስጥ እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ማመልከት ነው።

አስቀድመን የነገሩን ክብደት እንይ። ከሕያው ለጋሽ የሚወሰድ ኩላሊት ምትክ የለውም። ለጋሹ ሳይታመም፣ ለራሱ አንዳች ጥቅም ሳያገኝ ነው በቢላዋ ሥር የሚተኛው። ኩላሊቱ በመንገድ ላይ ከተበላሸ ለጋሹ በከንቱ አካሉን አጣ፤ ተቀባዩም ደሙን ወደሚያጣራለት መኪና ተመለሰ ማለት ነው። በአንድ ስሕተት ሁለት ሰው ይጎዳል።

ሥራው በተሳካ ሁኔታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1954 በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ፣ በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል ነው። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ጆሴፍ መሪ ከሮናልድ ሄሪክ የተወሰደውን ኩላሊት ፍጹም ተመሳሳይ መንትያው ለሆነው ለሪቻርድ ሄሪክ ተከሉለት። ኩላሊቱ ያለ ደም የቆየው 82 ደቂቃ ነበር። ሆኖም ሥራውን ጀመረ፤ ሪቻርድም ስምንት ዓመት ያህል ኖረበት። ዶክተር መሪ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ለጋሹ ሮናልድ ደግሞ ኋላ የሒሳብ መምህር ሆኖ ያስተማረ ሰው ነው፤ በአንድ ኩላሊቱ እስከ 2010 ድረስ ኖሯል። በአገራችንም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ ንቅለ ተከላው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከሕያዋን ለጋሾች ተጀምሯል።

ሀ. ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

ልብ ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛው ያህል ወደ ሁለቱ ኩላሊቶች ይሄዳል። ኩላሊት ብዙ ደም የለመደ አካል ነው። ደም ቅዳ ቧንቧው ሲቆነጠጥ ኦክስጂን ይቋረጣል፤ ሴሎቹም ኃይል ማምረት ያቅታቸዋል። በሴሉ ሽፋን ላይ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ የሚያመላልስ ፓምፕ አለ፤ ይኸውም የሚሠራው በኃይል ነው። ኃይል ሲያልቅ ፓምፑ ይቆማል፤ ሶዲየም ይገባል፤ ውሃም ይከተለዋል። ሴሉ ያብጣል፤ መቆየቱ ከበዛም ይፈነዳል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ደሙ ሲመለስም ሌላ ጉዳት ይመጣል። ይኼ እንኳ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። ለብዙ ቀን የተራበን ሰው በአንድ ጊዜ እስኪጠግብ ብላ አይሉትም፤ ያ ምግብ ራሱ ሊጎዳው ይችላል። በኩላሊቱም ውስጥ ደም በተቋረጠበት ጊዜ የተጠራቀሙ ነገሮች በድንገት ከተመለሰው ኦክስጂን ጋር ሲገናኙ ሴሉን የሚያቃጥሉ ጎጂ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። የደም ማጣቱ ጊዜ በረዘመ መጠን በመመለሱ ጊዜ የሚደርሰው ጉዳት ይብሳል።

ለ. ሐኪሞቹ ምን ያደርጋሉ?

1. ጉዳቱን ከመነሻው መቀነስ። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብቶ ከሕያው ለጋሽ ኩላሊት ማውጣት ተጀመረ። ለለጋሹ ሕመሙ ቀለለ፤ ቶሎም ወደ ሥራው ይመለሳል። ነገር ግን ለመሥሪያ ቦታ እንዲገኝ ሆድ በጋዝ ይነፋል፤ ግፊቱም ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ስለዚህ ለለጋሹ በደም ሥር በቂ ፈሳሽ ይሰጠዋል፤ የጋዙም ግፊት ከልክ እንዳያልፍ ይጠበቃል። ደም ቅዳው ከተጎተተ ስለሚኮማተር ኩላሊቱ በለሰለሰ እጅ ይያዛል። የሽንት ቧንቧውም ከብበው ደም የሚያደርሱለት ሥጋዎች አይላጡም፤ ከተላጠ በኋላ ይደርቃልና።

2. ደቂቃ መቁጠር። ኩላሊቱ በሰውነት ሙቀት እያለ ያለ ደም የሚቆይበት ጊዜ ከሁሉ የከፋ ነው። ስለዚህ ሌላው ሥራ ሁሉ ሲጠናቀቅ ነው ቧንቧዎቹ የሚዘጉት፤ አስቀድሞ ደም ቅዳው፣ ቀጥሎ ደም መልሱ። ተራው ቢገለበጥ ኩላሊቱ በደም ይወጠራል። ከዚያ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወጥቶ ወደ በረዶው ይደርሳል። ቢሆንም ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው የተቻኮለ እጅ ቧንቧ ይቀድዳል። ፍጥነቱ የሚገኘው ከጥድፊያ ሳይሆን ከቅድመ ዝግጅት ነው።

3. ማቀዝቀዝና ማጠብ። ኩላሊቱ እንደ ወጣ በደም ቅዳው በኩል ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይሰደድበታል፤ የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት እስኪል ድረስ ይታጠባል። በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሴሎቹ የኃይል ፍላጎት ወደ አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ፈሳሹም ተራ ውሃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ጄፍሪ ኮሊንስና ባልደረቦቹ ፖታሲየም የበዛበት ፈሳሽ አዘጋጅተው የውሻ ኩላሊት በበረዶ 30 ሰዓት ማቆየት ችለዋል። በ1980ዎቹም በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ፎልከርት ቤልዘርና ጄምስ ሳውዛርድ ወደ ሴሉ የማይገቡ ትልልቅ ቅንጣቶች ያሉበት ፈሳሽ ሠሩ፤ እነዚህ ቅንጣቶች ውሃውን ከውጭ ይዘው ሴሉ እንዳያብጥ ያደርጋሉ። ከሕያው ለጋሽ ሲሆን ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ይህን ያህል መቆየት አያስፈልግም።

4. መመለሻውን ማዘጋጀት። ኩላሊቱ የሚተከለው በተቀባዩ የታችኛው ሆድ ጎን ነው፤ የራሱ ኩላሊቶች አብዛኛውን ጊዜ አይነኩም። ቧንቧዎቹ ሲሰፉ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ኩላሊቱ እንዳይሞቅ በደቀቀ በረዶና በፋሻ ይሸፈናል። መቆንጠጫው ከመለቀቁ በፊት የተቀባዩ ደም ግፊትና ፈሳሽ በቂ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ደካማ ግፊት ከተመለሰ ኩላሊቱ ሁለተኛ ተራበ ማለት ነው። ሁሉ ከተሳካ የገረጣው ኩላሊት ቀይ ይሆናል፣ ይጠነክራል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሳለ ሽንት ማፍሰስ ይጀምራል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ አንድ ደንብ አለ፦ ከሁለቱ ኩላሊቶች አንዱ የተሻለ ከሆነ የተሻለው ለለጋሹ ይቀራል። ለተለገሰው ኩላሊት ሲባል የለጋሹ ሕይወት ለአደጋ አይጋለጥም።

ሐ. በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

ቤተ ሙከራ የለንም ብለን መተው አይገባም። ሁለት ብርጭቆ፣ ዱቄት፣ እርሾና ድንች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ እርሾ የገባበትን የዳቦ ሊጥ በሁለት ብርጭቆ እኩል አድርገን ከፍታውን በእስክሪብቶ እናመልክት። አንዱን ሞቅ ባለ ቦታ፣ ሌላውን በየጊዜው በሚለወጥ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እናስቀምጥ። የሞቀው ኩፍ ሲል የቀዘቀዘው እንዳለ ይቆያል። ያን የቀዘቀዘውን ወደ ሙቀት ብንመልሰው ግን እሱም ኩፍ ይላል። ብርዱ አዘገየው እንጂ አልገደለውም። እናቶቻችን በክረምት ሊጥ ቶሎ አይቦካም የሚሉት ይኸው ነው እኮ! ነገር ግን ለተማሪዎቹ አንድ ማስጠንቀቂያ እንስጥ፦ «በበረዶ ውስጥ ተቀመጠ» ማለት «በረዶ ሆነ» ማለት አይደለም። ኩላሊት ራሱ ከረጋ የበረዶው ስለት ሴሎቹን ይቦጫጭቃል።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ሁለት ስስ የድንች ቁራጭ፣ አንዱን በተራ ውሃ፣ ሌላውን ጨው በበዛበት ውሃ ለጥቂት ሰዓት እናቆይ። የመጀመሪያው ውሃ ጠጥቶ ይጠነክራል፤ ሁለተኛው ውሃውን ተመጦ ይልፈሰፈሳል። ኩላሊቱ የሚታጠብበት ፈሳሽ ለምን በልክ እንደሚዘጋጅ ተማሪው በጣቱ ዳስሶ ይረዳዋል።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ደም ቅዳው ሳይዘጋ ደም መልሱ ቢዘጋ ኩላሊቱ ምን ይሆናል? ለምን?
2. የደም መመለስ ራሱ ጉዳት የሚያመጣው በምን ምክንያት ነው?
3. የሊጡ ምሳሌ ከኩላሊቱ ጋር የሚመሳሰለው በምን በምን ነው? የማይመሳሰለውስ?
4. የተሻለው ኩላሊት ለለጋሹ እንዲቀር የተደረገው ለምንድን ነው? ተማሪዎቻችን በዚህ ላይ ቢከራከሩ ክርክሩን እንዴት እንመራዋለን?