ወንበር ከተገኘ ወደ ጣሊያን ባሕር

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ዋሽንግተን ውስጥ የአየር መንገድ ሠራተኛ ነው። ትምህርት ካልጀመሩ ሁለት ልጆቻችን ጋር በኦገስት በስታንድባይ (ክፍት ወንበር ሲገኝ ብቻ በመሳፈር) ወደ ጣሊያን የባሕር ዳር መንደሮች ወደ ቺንኩዌ ቴሬ ብንሄድስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ኦገስትን ተዪው። ኦገስት 15 የጣሊያኖች የበጋ በዓል ፌራጎስቶ ነው፤ አገሩ ሁሉ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ለመመለሻ አራት ክፍት ወንበር ማግኘትም ጭንቅ ነው። ሴፕቴምበር መጨረሻ ይሻላል፤ ባሕሩ ገና አልቀዘቀዘም። የሮም በረራ ከሞላ ሚላንን ሞክሩ፤ ከሁለቱም በባቡር የመንደሮቹ መግቢያ ወደሆነችው ላ ስፔዚያ ይደረሳል። ከመንደሮቹ ማረፊያችሁ ሞንቴሮሶ ይሁን፤ ሰፊው አሸዋ እዚያ ነው። ሌላው መንደር ኮርኒሊያ ግን ከባቡር ጣቢያው እስከ መንደሩ 380 ያህል ደረጃ አለው፤ ሕፃን ታቅፎ ይከብዳል። ሆቴሉ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ይሁን። ለመመለሻ ሁለት ሦስት ትርፍ ቀን ያዙ። በአንድ በረራ አራት ወንበር ካልተገኘ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ለመሳፈርም ተዘጋጁ፤ የልጁን ፓስፖርትና ቅያሪ ልብስ አብሮት የሚሄደው ወላጅ በእጁ ይያዝ።