ባድመ፦ የጦርነት ሰበብ ወይስ ምክንያት?

መግቢያ

ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በብዙ ጽሑፎች «የድንበር ጦርነት» ተብሎ ይጠራል። ስያሜው መሠረት አለው። ወሰኑ እ.ኤ.አ. በ1900፣ በ1902 እና በ1908 በተፈረሙ ውሎች ቢገለጽም በምድር ላይ አልተካለለም ነበር። ሆኖም በአፍሪካ ያልተካለለ ወሰን ብዙ ሲሆን፣ በዚህ ሳቢያ የሚነሣ የመንግሥታት ጦርነት ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የመሬት ውዝግቡ ብቻውን ጦርነቱን ያስረዳልን? ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

የንድፈ ሐሳብ ማዕቀፍ

ጄምስ ፊሮን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት እንደሚከራከረው፣ ጦርነት ለሁለቱም ወገን ውድ እስከሆነ ድረስ ከውጊያ የሚሻል ስምምነት በመርሕ ደረጃ ይኖራል። ዋናው ጥያቄም ወገኖቹ በምን ተጣሉ ሳይሆን ለምን መስማማት ተሳናቸው የሚለው ነው። ከምላሾቹ ሁለቱ ለዚህ ጥናት ያገለግላሉ፦ የተቃራኒን አቅምና ቁርጠኝነት በትክክል አለማወቅ፣ እንዲሁም የተገባው ቃል ነገ እንደሚጠበቅ ዋስትና ማጣት።

ትንተና

የኤርትራ ጦር ግንቦት 4 ቀን 1990 ባድመን ከያዘ በኋላ፣ ጦሩ ወደ ቀድሞ ይዞታው እንዲመለስ የሚጠይቀውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ማዕቀፍ ኢትዮጵያ ስትቀበል ኤርትራ አልተቀበለችም። በየካቲት 1991 ኢትዮጵያ ባድመን በውጊያ ስታስመልስ ግን ኤርትራ ያንኑ ማዕቀፍ መቀበሏን አስታወቀች። ሐሳቡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የኃይል ግምቱ ነው። ይህ የመጀመሪያውን ማብራሪያ ይደግፋል።

ይሁንና ውጊያው በዚያ አልቆመም፤ እስከ ሰኔ 1992 ዘለቀ። እርግጥ ዛላምበሳን የመሰሉ ቦታዎች ገና አልተለቀቁም ነበር። ነገር ግን ኢትዮጵያ የማዕቀፉን የአፈጻጸም ሰነድ ያልተቀበለችው ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለስን አያረጋግጥም በማለት ነው። እዚህ ላይ ክርክሩ ከመሬቱ አልፎ ወደ ዋስትና ተሸጋግሯል።

ከጦርነቱ በኋላ የሆነውም ይህን ያጠናክራል። የድንበር ኮሚሽኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 በሰጠው ውሳኔ ባድመ ለኤርትራ ብትወሰንም ፍጥጫው 16 ዓመታት ቆየ። በአንጻሩ ሐምሌ 2 ቀን 2010 አሥመራ ላይ የጦርነቱ ሁኔታ ማብቃቱ ሲታወጅ ባድመ በኢትዮጵያ አስተዳደር ሥር ነበረች።

ማጠቃለያ

የመሬት ጥያቄው ጦርነቱን ለኮሰ፤ መርዘሙንም ሆነ ሰላሙ የመጣበትን ጊዜ ግን ብቻውን አያስረዳም። ይህ ንባብ በመንግሥታቱ ይፋዊ አቋም ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ውስጣዊ የውሳኔ ሰነዶች ለምርምር ሲከፈቱ ዳግም ሊፈተሽ ይገባል። ለሸምጋዮች ያለው ትምህርት ግን ከወዲሁ ግልጽ ነው፦ ካርታ ማስመር የሥራው አጋማሽ ነው፤ ቀሪው አጋማሽ ቃል የሚጠበቅበትን ሥርዓት ማበጀት ነው።