የአፈር ናሙናን ለምርመራ መናጥ፤ ስለ ላቦራቶሪ መናጫ መሣሪያ አጠቃቀም

ድርቅ ያፈናቀለውን ወገን በአዲስ ሥፍራ ለማቋቋም በታሰበ ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ መሬቱ ምን ሊያበቅል ይችላል የሚለው ነው። በ1977 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ሲጓጓዝ የሠፈራ ቦታዎች መረጣ በጥድፊያ የተከናወነ ነበር። ልምላሜ እንደ ለምነት ማስረጃ ተቆጠረ። ይሁን እንጂ የምዕራቡ ቀይ አፈር በብዙ ሥፍራ አሲዳማ ከመሆኑም በላይ ፎስፈረስን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ደን ያለማው መሬት ደኑ ከተመነጠረ በኋላ ለእህል እንደዚያው ይለማል ማለት አይቻልም። ይህን አስቀድሞ የሚያሳውቀው የአፈር ምርመራ ነው።

ከየወረዳው በአውቶቡስ ተጭኖ ሐዋሳ መናኸሪያ የሚወርድ የናሙና ከረጢት ወደ ላቦራቶሪ ሲደርስ፣ አንድ እፍኝ አፈር የአንድ ማሳ ወኪል ሆኖ መጣ ማለት ነው። ስለሆነም ከማሳው ልዩ ልዩ ነጥቦች ከ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተወስዶ የተደባለቀ፣ በጥላ ሥር የደረቀና በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት የተነፋ መሆን ይኖርበታል። መለያ ወረቀቱ በእርሳስ ተጽፎ በከረጢቱ ውስጥም በውጭም ይደረግ፤ የቀለም ጽሕፈት በእርጥበት ይጠፋልና።

ከዚህ በኋላ ተራው የመናጫው ነው። ሠራተኞች በተለምዶ ሼከር የሚሉት ይህ መሣሪያ በአብዛኛው በሁለት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው ጠርሙሶቹን ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል፤ ሁለተኛው ገበታውን በአግድም በክብ ያንቀሳቅሳል። የሁለቱም ተግባር አፈሩን ከማውጫ ብጥብጡ ጋር እኩል ማገናኘት ነው። ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ስሕተት የሚበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሊሠመርበት የሚገባው ዋና ነገር የሚከተለው ነው። ምርመራው በአፈሩ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ በሙሉ አይለካም፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ወደ ብጥብጡ የወጣውን ብቻ ይለካል። በኦልሰን ዘዴ 2.5 ግራም አፈር በ50 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ባይካርቦኔት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይናጣል። ለአሲዳማ አፈር በሚያገለግለው የብሬይ 2 ዘዴ ጊዜው 40 ሰከንድ ብቻ ነው፤ በሜሊክ 3 ደግሞ 5 ደቂቃ ነው። ማዳበሪያ ለመምከር የሚያገለግለው ሠንጠረዥ የተዘጋጀው እነዚህን ጊዜያት መሠረት በማድረግ ነው። 30 ደቂቃ የሚገባው ጠርሙስ በ15 ደቂቃ ቢወርድ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ገበሬውም የማያስፈልገውን ማዳበሪያ በብድር እንዲገዛ ይመከራል። ከልክ በላይ ቢናጥ ቁጥሩ ከፍ ብሎ፣ የተቸገረ ማሳ የጠገበ መስሎ ይታያል። ሙቀትም እንዲሁ ውጤቱን ከፍ ያደርጋል፤ የሐዋሳን የቀትር ሙቀት ያላገናዘበ ላቦራቶሪ የጠዋቱንና የከሰዓቱን ናሙና በአንድ ሚዛን ሊያነጻጽር አይችልም።

ወተት የምትንጥ ሴት ቅቤው መውጣቱን ከመናጫው ድምፅ ትረዳለች። የአፈር ናሙና ግን እንዲህ ያለ ምልክት ስለማይሰጥ መቆሚያውን የሚወስነው ሰዓት ብቻ ነው።

መብራት ሲቋረጥስ? ብዙ ሠራተኞች መብራቱ እስኪመለስ ጠብቀው የቀረውን ደቂቃ ያስናጣሉ። ይህ ለፎስፈረስ ምርመራ ፈጽሞ አይበጅም፤ መሣሪያው ቢቆምም አፈሩና ብጥብጡ እንደተገናኙ ናቸው። ናሙናው ተደፍቶ እንደገና መመዘን አለበት። የአፈሩን አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ መጠን ለመለየት በካልጎን ብጥብጥ ሌሊቱን የሚናጥ ናሙና ግን ከቆመበት ቢቀጥል ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ቅንጣቶቹ ተለያይተው እንዲበተኑ ብቻ ነውና። ለአሲድነት ልኬትም 10 ግራም አፈር በ25 ሚሊ ሊትር ውሃ በብርጭቆ ዘንግ ቢማሰል እንኳ ይበቃል።

ጠርሙሱ እስከ አፉ አይሞላ፤ ባዶ ቦታ ከሌለው ብጥብጡ አይንቀሳቀስም፣ አፈሩም ከሥሩ ተጋግሮ ይቀራል። በጎኑ አስተኝቶ ማሰር ከማቆም የተሻለ ያናጣል። ገበታው በሁለቱም ወገን እኩል ካልተጫነ መሣሪያው ይንቀጠቀጣል፣ ፍጥነቱም ይዛባል። ቡሽ ሲታጣ የጠርሙሱን አፍ በአውራ ጣት ደፍኖ መነቅነቅ የተለመደ መጥፎ ልማድ ነው፤ የእጅ ላብና ሳሙና ከናሙናው ጋር ይቀላቀላል።

በእያንዳንዱ ዙር አንድ አፈር የሌለበት ጠርሙስና ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ አንድ የቁጥጥር ናሙና አብረው መናጥ አለባቸው። የቁጥጥሩ ቁጥር ከተለመደው ከራቀ የዚያ ዙር ውጤት በሙሉ ወደ ወረዳው አይላክም። ናሙናው የተናጠበት ሰዓት፣ የክፍሉ ሙቀትና የመሣሪያው ፍጥነት በመዝገብ ላይ ይሠፍራሉ፤ መዝገቡንም የሚፈርመው መሣሪያውን ያንቀሳቀሰው ሠራተኛ ራሱ ነው።