የንባብ ክበብ ለምትጀምር መምህርት

ልጄ፣ በትምህርት ቤታችሁ የመምህራን የንባብ ክበብ ልታቋቁሙ መሆኑንና የመጀመሪያው መጽሐፋችሁም የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መሆኑን ሰማሁ። እጅግ ደስ ብሎኛል። አስተባባሪዋ አንቺ ከሆንሽ ዘንድ የማውቀውን ልንገርሽ።

፩. ክበቡን ለአማርኛ መምህራን ብቻ አትተዪው። የሒሳቡም፣ የባዮሎጂውም፣ የስፖርቱም መምህር ይምጣ። «የልብ ወለዱ ጭብጥ ምንድን ነው?» ብለሽ ከጀመርሽ ሁለት ሦስት ሰው ይመልስልሻል፤ የቀረው ሰዓቱን እያየ ይቀመጣል።

፪. መልሱን የምታውቂውን ጥያቄ አትጠይቂ። እኛ መምህራን ቀኑን ሙሉ መልሱን የያዝነውን ስንጠይቅ ስለምንውል ልማዱ አይለቀንም። ወደ ክበቡ ስትገቢ ራስሽ ያልቆረጥሽበትን ነገር ይዘሽ ግቢ። የዋናውን ገጸ ባሕርይ የበዛብህን ስለት ውሰጂ። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው እንዲተርፍላቸው ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል፤ ሳያገባ እግዚአብሔርን ሊያገለግል። ልጁን የጠየቀው የለም፤ ስለቱ ግን ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። «ወላጅ በልጁ ሕይወት ላይ ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ ነው?» በይና ዝም በይ። እኔ በነበርኩበት ክበብ ይህ ጥያቄ ሲነሣ እስከዚያች ሰዓት ትንፍሽ ያላለ የፊዚክስ መምህር ስለ አንድ ተማሪው ተናገረ። አባቱ «ሐኪም ትሆናለህ» ስላሉት ብቻ የተፈጥሮ ሳይንስ የገባ ልጅ ነው። ከፊዚክስ ደብተሩ ጀርባ ግን የበሬ፣ የጎጆ፣ የአያቱ ፊት ሥዕል ሞልቶበታል። ከዚያ ወዲያ ሁሉም የየራሱን ተማሪ እያነሣ ተናገረ። እንዲህ ሲሆን ከመጽሐፉ ወጣን ብለሽ አትደንግጪ፤ ትንሽ ይሂድ። ሲበርድ «እስቲ አሁን ወደ ውድነሽ እንመለስ፤ ልጇ ሊሞትባት ነው ብላ የፈራች እናት ናት» በያቸው። ቀድሞ የፈረዱባት እንኳ ያን ጊዜ ቀስ ብለው ያስቡላታል።

፫. ክርክር ሲነሣ ገጹን ግለጡ። ከገጸ ባሕርያቱ ጉዱ ካሳን ብዙ ሰው የሚያውቀው በዝናው ነው። ንግግሩ ያለበትን ገጽ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፤ መኳንንቱ እንደ እብድ የሚቆጥሩት ሰው ነገሩን በምክንያት ሲያስረዳ ሁሉም ይሰማል። ልብ ወለዱ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኳል፤ ስለዚህ «እኔ አላነበብኩም፣ ሰምቼው ነው» የሚል ባልደረባ አይጠፋም። አታሳፍሩት። የሰማውን ይናገር፤ ሲያምረው ያነባል።

፬. መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነውና በሦስት ወይም በአራት ስብሰባ ክፈሉት። የፈተና እርማት ሰሞን አትሰብስቢያቸው።

፭. የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ ሌላውን እንዳይሸፍንባችሁ። የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ባላገሮቹን ከልማድ በላይ ሲጠይቁ ባላገሮቹ እምቢ ይላሉ፤ ፊታውራሪ ሊወጓቸው ሄደው ራሳቸው ይማረካሉ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ደግሞ በ1957። የጻፉት ሰው በትምህርት ሚኒስትርነት ጭምር ያገለገሉ የመንግሥት ሹም መሆናቸውን ጨምሪበትና ነገሩን ለታሪክ መምህራችሁ ስጪው፤ አንድ ስብሰባ ይበቃው እንደሆነ እንጃ። እኔን ከሁሉ የሚያመኝ ግን ሌላ ነው። በዛብህ ወደ ፊታውራሪ ቤት የገባው ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነበር። እውቀቱን ለልጃቸው ፈለጉት፤ እሱን ግን ለልጃቸው አልመጠኑትም፤ ዘሩን ቆጠሩበት። መምህር ሆኖ ይህን አንብቦ የማይቆጨው ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ተነጋገሩ፤ ዛሬ መምህር በመንደሩ ምን ያህል ይከበራል? ልጁን የሚድርለት ማነው?

፮. መጽሐፍ ስትጠቋቆሙ «ቆንጆ ነው፣ አንብቡት» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ለማን እንደሚሆንና ለምን እንደሚሆን ተናገሩ። ቀጥሎ ምን እናንብብ ካላችሁ የበዓሉ ግርማን «ሐዲስ» እላለሁ፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ መምህር ስለሆነ ብዙ የምትሉት አይጠፋም። የከተማ ሰው ጭንቀት ለሚስበው የዚያው ደራሲ «ከአድማስ ባሻገር» አለ። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» እኔ ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ቋንቋው ግን ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ክበቡ እግሩን ሳይተክል አታምጡት። የጠቆመ ሰው መጽሐፉን ይዞ ይምጣና ያውስ። ማን እንደወሰደ፣ መቼ እንደሚመልስ በደብተር ጻፉ፤ መጽሐፍ ተውሶ የማይመልስ ሰው ክበብ ያፈርሳል። «አደፍርስ» የደረሰ ጊዜ የእኔ ቅጂ አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ በይና ውሰጂው።