የደጉ ሳምራዊ ትምህርት ለአዳማ ሞተረኞችና ባጃጅ ነጂዎች

የዛሬው ትምህርታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ከተጻፈው ከደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነው። ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ዛሬ ግን ከመንገዱ ጀምረን እናጥናው፤ ውሎው መንገድ ላይ ለሆነ ሰው ከዚያ መጀመር ይቀለዋልና።

በምሳሌው ወንበዴዎች ያቆሰሉት ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ይወርድ ነበር። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተራራ ላይ ተሠርታለች። ኢያሪኮ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ በዮርዳኖስ ሸለቆ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መንገደኛው በዚያች አጭር ርቀት አንድ ሺህ ሜትር ይወርዳል፤ መንገዱም በረሓ፣ ጠመዝማዛና ለወንበዴ የተመቸ ነበር። የምድር አጥኚዎች የዮርዳኖስን ሸለቆ በቀይ ባሕር በኩል ከእኛው ስምጥ ሸለቆ ጋር ያያይዙታል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ደጋ ተነሥቶ በቢሾፍቱና በሞጆ አድርጎ አዳማ የገባ፣ ከአዳማ ወደ ወለንጪቲና መተሐራ ወይም ከሞጆ ወደ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ የነዳ ሰው ጌታችን ስለ ምን ዓይነት መንገድ እንደተናገረ በአካሉ ያውቀዋል። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ተሳቢ ሲያልፍ ቀላሉን ሞተር ይገፋዋል። ነፋሱም አለ። የአዳማ ነፋስ በመጀመሪያው ጣቢያ በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት፣ በሁለተኛው በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታመነበት ኃይል ነው፤ ከጎን ሲመታ ሞተረኛውን ከያዘው መስመር ያወጣዋል፣ የባጃጁንም ሸራ ይወጥረዋል።

እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ነው የሞተረኞች ወዳጅነት የተወለደው። ፊት ለፊት የሚመጣው በመብራት አደጋ መኖሩን ይነግርሃል። ቤንዚን ያለቀበት በሃይላንድ ይቀዳለታል። ካንዴላው የሞተበት መለዋወጫ ከያዘ ወንድሙ ይወስዳል፤ ጎማው የተነፈሰበትን ጎሚስታ ቤት አድርሶ የሚመልሰው አይጠፋም። በባጃጅ ተራ ደግሞ ዕቁቡ አለ፣ ሐዘን ሲደርስ መዋጮው አለ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ እግዚአብሔር የሚወደው ነገር ነው። ትምህርቱ ግን ከዚህ አልፎ ይጠይቀናል።

ምሳሌው የተነገረለት ሕግ አዋቂ ጌታችንን የጠየቀው ባልንጀራው ማን እንደሆነ ነበር። ጥያቄው ወሰን ፍለጋ ነው። እስከ የት ድረስ ልውደድ፣ ከማን በኋላ ልተው፣ ማለቱ ነው። እኛም በመንገዳችን ላይ እንዲህ ያለ ወሰን አበጅተናል። ቦክሰርና አፓቼ ሞተር የሚነዳው አንድ ወገን ነው። በመስክ ሞተር ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞረው የጤናና የግብርና ባለሙያ ሌላ ወገን ነው። ባጃጅ ነጂው በተራው ይታወቃል፤ አሁን ደግሞ የኤሌክትሪኩ መጥቷል። ጋሪ ነጂውን ማን ይቆጥረዋል? አንዱ ከሞተር ወደ ባጃጅ ሲሻገር የቀድሞ ጓደኞቹ በመብራት ሰላም ማለቱን ይተዋሉ፤ በአዲሱ ተራ ያሉትም ገና ስላላወቁት በጎሪጥ ያዩታል። ሰውየው ያው ሰው ነው፤ የተለወጠው የተቀመጠበት ብቻ ነው።

ስለ ሞተሩና ስለ ባጃጁ አመጣጥ ጥቂት ማወቅ እዚህ ላይ ይረዳል። የጣሊያኑ ኩባንያ ፒያጆ በ1946 እ.ኤ.አ. ባለሁለት እግሩን ቬስፓን፣ በ1948 ደግሞ ከዚያው የወጣውን ባለሦስት እግር አፔን ሠራ። የህንዱ ባጃጅም ማምረት የጀመረው በፒያጆ ፈቃድ ነበር። ባለሁለትና ባለሦስት እግሩ ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው፤ እኛ ነን ያራራቅናቸው።

መሻገር ግን ቀላል አይደለም፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ። ዐሥር ዓመት ሞተር የነዳ ሰው ባጃጅ ላይ ሲቀመጥ ግራ እግሩ ማርሽ ይፈልጋል፤ የለም። የባጃጅ ማርሽ እንደ ጥንቱ ቬስፓ በግራ እጅ ከፍሪሲዮኑ ጋር የሚዞር ነው። ሲደነግጥ ቀኝ እጁ የፊት ፍሬን ሊጨብጥ ይዘረጋል፤ እርሱም የለም፤ ፍሬኑ በቀኝ እግር ነው። ከሁሉ የሚከፋው መታጠፊያው ነው። ሞተር ሲታጠፍ ወደ ውስጥ ይጋደማል፤ ሰውነት አብሮ ሲያዘነብል ሚዛን ይጠበቃል። ባጃጅ አይጋደምም። በፍጥነት ከታጠፈ ክብደቱ ወደ ውጭ ይገፋና የውስጠኛው የኋላ ጎማ ከመሬት ይነሣል። ጉድጓዱም ቢሆን በሞተር በአንድ መስመር ይታለፋል፤ በባጃጅ የፊቱ ጎማ ሲያልፍ የኋላው ይገባበታል። ከኋላ ደግሞ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከባጃጅ ወደ ሞተር የሚሄደውም የራሱ ፈተና አለበት፤ ቆሞ እንኳ ሚዛን መጠበቅ ይኖርበታል። ወደ ኤሌክትሪክ የሚዛወረው ድምፅ ስለሌለው በሠፈር መንገድ ላይ እናቶችና ሕፃናት መምጣቱን እንደማይሰሙ ማሰብ አለበት።

ስለዚህ የሚሻገር ሰው እንደገና ተማሪ ይሆናል። የሚያስተምረው አንዳንዴ በዕድሜ ታናሹ ነው። ትሕትና የሚባለው በጎነት እዚህ ላይ በተግባር ይፈለጋል፤ አንጋፋው ሞተረኛ ከሃያ ዓመት ወጣት «ወንድሜ፣ አሳየኝ» ብሎ መማር ይገባዋል። የሚያሳየውም አይታበይ። የባለሦስት እግር መንጃ ፈቃድ ሳያወጡ ሰው ጭኖ መውጣት ግን ድፍረት እንጂ ትሕትና አይደለም።

አሁን ወደ ምሳሌው እንመለስ። ሳምራዊው የቆሰለውን ሰው በራሱ እንስሳ ላይ አስቀመጠው። ታዲያ እርሱ በምን ሄደ? ወንጌሉ ስለ ሌላ እንስሳ አይነግረንም፤ በእግሩ እንደሄደ እንረዳለን። ጋላቢ የነበረው እግረኛ ሆነ። መቀመጫውን ለውጦ ሌላውን አዳነ። የቀደሙት አባቶች ይህን ሲተረጉሙ ሳምራዊው ክርስቶስ ነው፣ የቆሰለው አዳም ነው፣ የእንግዶች ማረፊያው ቤተ ክርስቲያን ናት ይላሉ፤ ከእነርሱም ሁለቱን ዲናር ብሉይና ሐዲስ ኪዳን ነው ያሉ አሉ። እንስሳውን የጌታ ሥጋ ብለው የተረጎሙም አሉ፤ በሥጋው ተሸክሞናልና። ትምህርተ ሥጋዌ በመንገድ ቋንቋ ሲነገር ይህ ነው፤ ከፍ ያለው የወደቀውን ለማንሣት ዝቅ አለ። አይሁድና ሳምራውያን ደግሞ የማይተባበሩ ሕዝቦች ነበሩ። ጌታችን ጥያቄውን የመለሰው ገልብጦ ነው፤ ባልንጀራ የሆነለት ማን እንደሆነ ጠየቀ። ሕግ አዋቂውም ምሕረት ያደረገውን ሊጠቅስ ተገደደ።

ሰውን በተቀመጠበት መመዘን ምን ያህል እንደሚጎዳ አይተናል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የአዲስ አበባ አስተዳደር በሞተር የሚፈጸም ንጥቂያን ጠቅሶ ፈቃድ የሌላቸውን ሞተሮች ከከተማው መንገድ አገደ። ወንጀሉ እውነት ነበር። በሞተሩ እንጀራ የሚበላው ሐቀኛም ግን እንደ ወንበዴ ታየ። ይህን የቀመሰ ሞተረኛ ባጃጅ ነጂዎችን ወይም ጋሪ ነጂዎችን በጅምላ ከመናቅ መቆጠብ ይገባዋል።

በምሳሌው ከሳምራዊው በፊት የመጡት ካህኑና ሌዋዊው ቁስለኛውን አይተው ገለል ብለው አለፉ። የሞተ መስሏቸው፣ ሬሳ መንካት ያረክሰናል ብለው ፈርተው ይሆናል፤ ወንበዴዎቹ አሁንም አሉ ብለውም ይሆናል። እኛም ፍርሃት አለን፤ «ብቆም እኔ ገጨሁ እባላለሁ» የሚለው ፍርሃት። አልንቀውም፤ እውነተኛ ፍርሃት ነው። ግን መፍትሔ አለው። ሌላ ነጂ አስቁም፣ ሁለት ምስክር ሁኑ፣ የቦታውን ፎቶ አንሡ፣ ፖሊስ ጥሩ።

ከዚያ በኋላ የሳምራዊውን ቅደም ተከተል መከተል ነው። መጀመሪያ ቀረበ፤ እኛም ስንቀርብ ከኋላ የሚመጣውን ተሳቢ የሚያስጠነቅቅ አንድ ሰው ራቅ ብሎ ይቁም። ቁስሉን አሰረ፤ በዘመኑ መድኃኒት በዘይትና በወይን አከመው። ዛሬ ቁስል ላይ ዘይት አይፈስስም፤ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ነው። አንገቱን አታንቀሳቅሱ። ትንፋሹ ካልታፈነ ሄልሜቱን አታውልቁ። ሳምራዊው በእንስሳው ጫነው፤ እኛ ግን አምቡላንስ ካለ የተሰበረ ሰው በባጃጅ ወንበር አጣጥፈን አንጫን፤ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። ወደ ማረፊያው ወሰደው፤ እኛም ወደ ሆስፒታል። ዲናር የአንድ ቀን የሠራተኛ ደሞዝ ነበርና ሳምራዊው የሁለት ቀን ደሞዝ ከፈለ። የአገራችን የሦስተኛ ወገን መድን ሕግም በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ ተጎጂውን የሚያደርስ ሰው ይህን ቢያውቅ በር ላይ አይሸማቀቅም።

ብዙዎቻችን የምንረሳው የመጨረሻውን ነው። ሳምራዊው ተጨማሪ ወጪ ካለ ሲመለስ እንደሚከፍል ለቤቱ ጠባቂ ነገረው። ለመመለስ አስቦ ነው የሄደው። እግሩ የተሰበረ ባጃጅ ነጂ ለወራት ይተኛል፤ ለባለንብረቱ የሚገባው የቀን ገቢ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ የዕቁቡ ተራ አለ። ከተራው ፈቃድ ያለው አንዱ ባጃጁን ተቀብሎ በቀን የተወሰነ ሰዓት ቢነዳለትና ገቢውን ለቤተሰቡ ቢያካፍል ይቻላል። ዕቁቡም እስኪያገግም መዋጮውን ሊሸፍንለት ይችላል። ፈቃዱ የሞተር ብቻ የሆነው የቀድሞ ጓደኛው ደግሞ ልጆቹ እንዴት ትምህርት ቤት እንደሚደርሱ፣ መድኃኒቱን ማን እንደሚያመጣ ሚስቱን በዚያው ሳምንት ሄዶ ይጠይቃት።