ኢየሩሳሌምን በዊልቸር ወይም በክራንች ለመሳለም፦ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የጉዞ ወኪሉን «ለዊልቸር ይመቻል ወይ?» ብለው ቢጠይቁት መልሱ ከአፉ አይርቅም፦ «ችግር የለም፣ እናግዝዎታለን።» በቅንነት ነው የሚለው፤ መልስ ግን አይደለም። ደረጃው ስንት ነው? የመታጠቢያ ቤቱ በር ስንት ሴንቲ ሜትር ይሰፋል? አውቶቡሱ የትኛው በር ላይ ያወርደናል? እንዲህ ብለው ይጠይቁት።

የበሩ ጉዳይ ቀላል እንዳይመስልዎ። በደማስቆ በር ከሆነ ገና ሳይገቡ ደረጃ መውረድ ይጠብቅዎታል። የኢዮጴ በር ግን ለጎማ ይመቻል። ወደ ምዕራቡ ግንብ ለሚሄድ ደግሞ የጉድፍ መጣያ በር ይሻላል። ቅጥሩ የሚከበው ቦታ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ርቀቱ አይደለም የሚያደክመው፤ ድንጋዩ ነው። የዘመናት እግር አለስልሶታል፤ ዝናብ ከነካው ያዳልጣል። የክራንችዎ ላስቲክ ካለቀ ከአገር ሳይወጡ ያስቀይሩት። በገበያው ውስጥ ባሉት ደረጃማ መንገዶች ላይ ከደረጃው ጋር የተሠራ ጠባብ ተዳፋት ያያሉ። የዕቃ ጋሪ ለሚገፉ ነጋዴዎች የተሠራ ነው፤ ብቻዎን በዊልቸር አይሞክሩት። ከተማው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ መንገዶችን በተዳፋትና በእጅ መደገፊያ አስተካክሏል፤ አስጎብኚዎ እነዚህን መንገዶች ማወቁን አስቀድመው ያረጋግጡ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ጎልጎታ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ በክርስቲያኖች ሰፈር መንገድ በኩል ከመጡ ደረጃ ይወርዳሉ፤ በሙሪስታን በኩል መዞር ይቀላል። ከበሩ እንደገቡ ጌታ የተገነዘበት ድንጋይ ወለሉ ላይ ስላለ ያለ ደረጃ ይደርሱበታል። ስቅለቱ የሚታሰብበት ስፍራ ግን በስተቀኝ በጠባብና ቀጥ ባለ ደረጃ የሚወጣበት ነው። ወደ ቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤትም መውረጃው ደረጃ ነው። የመቃብሩ የውስጥ በር ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ሳይሉ አይገቡም። ገዳማችን ዴር ሡልጣን የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ነው፤ በየትኛውም በኩል ደረጃ አለው። ከሁለቱ ጸሎት ቤቶቻችን የአርባዕቱ እንስሳው ላይኛው ሲሆን፣ የቅዱስ ሚካኤሉ በር ግን ከታች ወደ አደባባዩ ይከፈታል።

«ተሸክመን እናወጣዎታለን» የሚሉ ወጣቶች አይጠፉም፤ እግዜር ይስጣቸው። በትንሣኤ ሳምንት ግን፣ ከኋላ ሕዝብ እየገፋ፣ በዚያ ደረጃ ሰው መሸከም አደጋ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ከበዓል ውጪ ሂዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጎሕ ሳይቀድ ስለሚከፈት በማለዳ ግቡ እላለሁ። በዓሉን ካልሆነ የሚል ሰው ደግሞ የትኛውን ስፍራ ከታች ሆኖ እንደሚሳለም እዚሁ ቤቱ ይወስን።

በቀዳም ሥዑር ሌላ ጣጣ አለ። ዕለቱ የአይሁድ ሰንበት ስለሆነ ዝቅ ያለ ወለል ያለውና ለዊልቸር የሚመቸው የከተማው ባቡር ከዓርብ አመሻሽ ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ማታ አይሠራም። ፖሊስም መንገድ ይዘጋል። ማንሻ ያለው ታክሲ አስቀድሞ ካልተያዘ ማግኘት ይከብዳል።

ለዓይነ ስውር ተሳላሚ ከደረጃው ይልቅ በየሱቁ ደጅ የተንጠለጠለው ዕቃ ነው የሚያስቸግረው፤ ክንድ የሚሰጥ አንድ ቋሚ ሰው ይመደብለት።

በረራውን በተመለከተ፣ ትኬት ቆራጩ «ዊልቸር» ብሎ ብቻ እንዳይመዘግብዎ። አየር መንገዶች ሦስት መለያ አላቸው። «ደብሊው ሲ ኤች አር» ደረጃ መውጣት ለሚችል፣ መጨረሻው «ኤስ» የሆነው ለማይችል፣ «ሲ» የሆነው ደግሞ እስከ መቀመጫው ድረስ ርዳታ ለሚያስፈልገው ነው። «አር» ተብለው ከተመዘገቡና አውሮፕላኑ ከተርሚናሉ ርቆ ከቆመ ደረጃው ሥር ይደርሱና ይቀራሉ። ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት ያሳውቁ። ዊልቸርዎ በባትሪ የሚሄድ ከሆነ የባትሪውን ዓይነትና ዋት ሰዓት የሚገልጽ ወረቀት ይያዙ፤ ለሚነቀል ሊቲየም ነጠላ ባትሪ ጣሪያው 300 ዋት ሰዓት ነው።

የጸጥታውን ሁኔታ ማጣራት ለማንም ተጓዥ ግድ ነው። ለእርስዎ የሚጨመረው፣ በረራ ቢሰረዝ ዊልቸርዎ የሚገባበት ሆቴል ተጨማሪ ሌሊት ያሳድርዎት እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ከሁሉ የማይጠየቀው የቡድኑ ፍጥነት ነው። 50 ሰው ይዞ የሚሮጥ አስጎብኚ በቀን አምስት ስፍራ ሲል፣ የእርስዎ ምናልባት ሁለት ይሆናል። የትኞቹ ሁለት እንደሆኑ፣ ማን አብሮዎት እንደሚቀር፣ ቡድኑን የት እንደሚያገኙት ውሉ ላይ ይጻፍልዎ። ወኪሉ «እዚያ ስንደርስ እናየዋለን» ካለ ቀብዱን ይዘው ወደ ሌላ ወኪል ይሂዱ።