የዕቃ መዝገብንና የሒሳብ መዝገብን በሶፍትዌር ስለ ማስማማት

በመጋዘኑና በሱቁ ያለውን ዕቃ በቍጥርም በዋጋም ለይቶ የማያውቅ ነጋዴ፣ ትርፌን ዐውቃለሁ ቢል የሚናገረው ግምቱን እንጂ ሒሳቡን አይደለም። ቀድሞ የመጋዘኑ ሠራተኛ በስቶክ ካርድ፣ ሒሳብ ሹሙም በትልቁ መዝገብ ለየብቻ ይጽፉ ነበር፤ ሁለቱ መዛግብት የሚገናኙትም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ብዙ ጊዜ በጭቅጭቅ ነበር። ዛሬ እንደ ፒችትሪ ያሉት የንግድ ሶፍትዌሮች ሁለቱን በአንድ ላይ ይይዛሉ። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚደምረው የተሰጠውን ቍጥር ብቻ ስለ ሆነ፣ ስሕተትንም እንደ እውነት አድርጎ በፍጥነት ይደምራል።

ነገሩን በግልጽ ለመረዳት አንድ ሽያጭ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚያደርገውን መመልከት ይበቃል። ጸሐፊው አንድ የሽያጭ ፋክቱር ሲመዘግብ የሽያጭ ገቢው ይጨምራል፤ ጥሬ ገንዘቡ ወይም የደንበኛው ዕዳ ይጨምራል፤ የዕቃው ክምችት ይቀንሳል፤ የተሸጠው ዕቃ የወጣበት ዋጋም በወጪ ይጻፋል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሰው አይጽፋቸውም፤ ፕሮግራሙ ራሱ ከዕቃው መዝገብ አንሥቶ ይጽፋቸዋል። ስለዚህ በወረቀት ዘመን በአንድ ካርድ ላይ ተወስኖ ይቀር የነበረው የመጋዘን ስሕተት ዛሬ ወደ ትርፍና ኪሣራው መግለጫ፣ ከዚያም ወደ ግብሩ ይሻገራል።

ለአስመጪ ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ በዕቃው የወጣበት ዋጋ ላይ ነው። የአንድ ዕቃ ዋጋ ማለት በውጭ አገር ያለው ሻጭ በፋክቱሩ ላይ የጻፈው ብቻ አይደለም። የባሕርና የየብስ ማጓጓዣ፣ መድን፣ የጉምሩክ ቀረጥ፣ የወደብና የመጋዘን ኪራይ፣ የዕቃ አስተላላፊው ክፍያ፣ የመጫኛና የማውረጃ ወጪ ሁሉ የዕቃው ዋጋ ናቸው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ በጉምሩክ የከፈለውንና መልሶ የሚያቀናንሰውን ታክስ፣ እንዲሁም በቅድሚያ የተከፈለውን የገቢ ግብር ግን ከዕቃው ዋጋ ጋር መደመር አይገባውም፤ እነዚህ ለብቻቸው እንደ ተሰብሳቢ ሒሳብ ይያዛሉ።

ችግሩ የሚመጣው እነዚህ ሰነዶች በአንድ ቀን ስለማይደርሱ ነው። የሻጩ ፋክቱር አስቀድሞ ይመጣል፤ የጉምሩኩ ዲክላራሲዮን ኋላ ይከተላል፤ የትራንስፖርቱ ደረሰኝ ከዚያም ይዘገያል። ዕቃው ግን መጋዘን እንደ ገባ መሸጥ ይጀምራል። ሒሳብ ሹሙ ፋክቱሩን ብቻ በዕቃው ላይ አስገብቶ፣ የቀረውን ኋላ «ልዩ ልዩ ወጪ» ብሎ የመዘገበ እንደ ሆነ ምን እንደሚከተል በምሳሌ ማየት ይቻላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ ላይ እንዲመሠረት ከመወሰኑ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበረ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር በላይ ሆነ። አንድ አስመጪ ከለውጡ በፊት ያስገባው 100 ጓጉንቸር ቍልፍ በመጋዘኑ ቀርቶ ነበር እንበል፤ የአንዱ ዋጋ ወጪው ሁሉ ተጨምሮ 150 ብር ነው። ከለውጡ በኋላ 300 ጓጉንቸር አስመጣ። ሻጩ የጠየቀው በአንዱ 2 ዶላር ሲሆን፣ በ110 ብር ሲመነዘር 220 ብር ይሆናል፤ ማጓጓዣውና ቀረጡ ደግሞ በአንዱ 80 ብር ጨመረበት። እንግዲህ የአዲሱ ዕቃ እውነተኛ ዋጋ 300 ብር ነው። ብዙ ነጋዴዎች በሚጠቀሙበት በአማካይ ዋጋ ስሌት 15,000 ብር እና 90,000 ብር ተደምሮ ለ400 ሲካፈል የአንዱ ዋጋ 262 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል።

ፋክቱሩ ብቻ የተመዘገበ እንደ ሆነ ግን ፕሮግራሙ 15,000ን ከ66,000 ጋር ደምሮ የአንዱ ዋጋ 202 ብር ከ50 ሳንቲም ነው ይላል። ባለሱቁ ይህን አይቶ «47 ብር ከ50 አተርፋለሁ» ብሎ በ250 ብር ይሸጣል። በእውነቱ በእያንዳንዱ ላይ 12 ብር ከ50 ሳንቲም ይከስራል። አራት መቶው ተሽጦ ሲያልቅ የዕቃው መግለጫ 19,000 ብር ትርፍ ያሳያል፤ እውነቱ ግን 5,000 ብር ኪሣራ ነው። በመካከል ያለው 24,000 ብር በልዩ ልዩ ወጪ ውስጥ ተደብቋል። የዓመቱ ጠቅላላ ሒሳብ ሲዘጋ ይህ ገንዘብ መታየቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ዕቃው ተሽጧል፤ ዋጋውም ተቈርጦ አልፏል።

መፍትሔው ሰነዱ እስኪሟላ ሽያጭን ማቆም አይደለም፤ ገበያ አይጠብቅም። ገና ደረሰኝ ያልመጣለትን ወጪ በጥንቃቄ ገምቶ ዕቃው ሲገባ በዋጋው ላይ መጨመርና ሰነዱ ሲደርስ ልዩነቱን ማስተካከል ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ተጨማሪ ወጪን በዕቃዎቹ ላይ የሚያከፋፍሉበት ስፍራ አላቸው፤ የሌለው ፕሮግራም የያዘ ሰው ስሌቱን በእጁ ሠርቶ ማስገባት አለበት። ከዚህ ሌላ፣ በዱቤ የተገዛ ዕቃ ዕዳ ኋላ በሌላ ምንዛሪ ቢከፈል ልዩነቱ የምንዛሪ ትርፍ ወይም ኪሣራ እንጂ የዕቃው ዋጋ አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ 262 ብር ከ50 ትክክለኛ ሒሳብ ቢሆንም ዕቃውን መልሶ ለመግዛት 300 ብር ያስፈልጋል። በ290 ብር የሸጠ ነጋዴ በመዝገብ አትርፎ በመጋዘን ሊጐድልበት ይችላል። መዝገቡ ያለፈውን ይነግራል፤ የመሸጫ ዋጋ ግን የሚመጣውንም ማየት አለበት።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ ቀን ነው፤ ይህም በአገራችን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ደረሰኙ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ይጻፋል፤ ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ በአውሮፓ አቈጣጠር ይሠራል። ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በደረሰኝ ላይ 5/11/2016 ተብሎ ይጻፋል። ጸሐፊው እንዳለ ቢያስገባው ፕሮግራሙ እንደ አቀማመጡ ኖቬምበር 5 ወይም ሜይ 11 ቀን 2016 አድርጎ ያነበዋል፤ ትክክለኛው ግን ጁላይ 12 ቀን 2024 ነው። የቈዩት ዓመታት ተዘግተው ከሆነ ፕሮግራሙ አልቀበልም ይላል፤ ክፍት ከሆኑ ግን ዝም ብሎ ይቀበላል። የባሰው ዓመቱን ብቻ ለውጦ ወሩን የሚረሳው ነው፤ 5/11/2024 ተብሎ የገባው ዕቃ ወደ ኖቬምበር ይሄዳልና ለአራት ወር ያህል መጋዘን እንዳልገባ ይቈጠራል።

በዚህ ጊዜ ዕቃው እየተሸጠ መዝገቡ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በመጋዘን ከዜሮ በታች የሆነ ጓጉንቸር እንደሌለ ማንም ያውቃል፤ ፕሮግራሙ ግን ከፈቀዱለት ይጽፈዋል። ያልገባ ዕቃ ሲሸጥ የሚይዘው ዋጋ ስለሌለው አንዳንዱ ፕሮግራም የመጨረሻውን የግዢ ዋጋ፣ አንዳንዱም ዜሮን ይወስዳል። ዜሮ የወሰደ እንደ ሆነ የሽያጩ ገንዘብ በሙሉ ትርፍ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ከዜሮ በታች መሸጥን የሚከለክለውን ትእዛዝ መክፈት የተሻለ ነው። ሠራተኞች ሥራ ያዘገያል ብለው ያማርሩበታል፤ ምሬታቸውም ከንቱ አይደለም፤ ሆኖም የሚዘገየው ሥራ መጀመሪያውኑ መመዝገብ የነበረበት የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ ነው።

ስለ መለኪያ ብዙ ማለት አያሻም። ካርቶን፣ ደርዘንና ነጠላ በአንድ ዕቃ ስም ከተቀላቀሉ ሁሉም ይበላሻል፤ መለኪያው አንድ ሆኖ ሌላው በፕሮግራሙ እንዲመነዘር መደረግ አለበት። ቡና ላኪዎች ፈረሱላን 17 ኪሎ፣ ከረጢቱን 60 ኪሎ፣ ኩንታሉን 100 ኪሎ አድርገው ይቈጥራሉ። 320 ከረጢት በስሕተት 320 ኩንታል ተብሎ ቢገባ 12,800 ኪሎ የሌለ ቡና በመዝገብ ይኖራል። ቡናው ሲበጠርና ሲለቀምም ለውጭ ገበያ የሚሆነው፣ ተረፈ ምርቱና ብክነቱ ተለይተው ካልተመዘገቡ፣ ጐደለ የተባለው ኪሎ የሌባ ይሁን የማበጠሪያው መለየት አይቻልም።

ስሕተት ሲገኝ የቀድሞውን ምዝገባ መደምሰስ ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን በአማካይ ዋጋ በሚሠራ መዝገብ የጥር ወርን አንድ ፋክቱር የሰረዘ ሰው ከጥር ወዲህ የተሸጠውን ሁሉ ዋጋ ሊለውጥ ይችላል፤ ለግብር የቀረበው ማስታወቂያም ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም። የተፈተሸ ወር ይዘጋ፤ እርማቱ በተገኘበት ቀን፣ ምክንያቱ ተጽፎ፣ ከሠራው ሌላ ሰው ፈቅዶት ይመዝገብ። በአንድ የይለፍ ቃል ሦስት ሰዎች በሚሠሩበት ቤት ግን ማን ምን እንዳደረገ መጠየቅ ትርፉ መጣላት ነው።

በየወሩ ሁለት ቍጥሮችን ማስተያየት ይበቃል። አንደኛው በመጋዘን ያለው ዕቃ ሁሉ ዋጋ ድምር ነው፤ ሁለተኛው በጠቅላላው መዝገብ የክምችት ሒሳብ ላይ ያለው ቀሪ ነው። ካልተካከሉ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው የዕቃውን መዝገብ ዘሎ በቀጥታ በክምችት ሒሳቡ ላይ ጽፏል ማለት ነው፤ ፍለጋውም ከዚያ ይጀመር። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው የዕለት ድምርም ከፕሮግራሙ ሽያጭ ጋር በየማታው ይተያይ። ሁለቱ ቍጥሮች ቢስማሙም በመደርደሪያው ላይ ያለውን የሚያውቅ ቈጠራ ብቻ ስለ ሆነ፣ ውድና ቶሎ የሚሸጥ ዕቃ በየሳምንቱ፣ ሌላው በየተራ ይቈጠር። ቈጣሪው በመዝገብ ያለውን ቍጥር አስቀድሞ ሊያይ አይገባም፤ ያየ ሰው የሚያገኘው ያየውን ነውና።

የበጀት ዓመታቸውን ሰኔ 30 ቀን የሚዘጉ ነጋዴዎች በዚያ ቀን ከመጋዘናቸው ውጭ ያለውንም ማሰብ አለባቸው። በግዢው ውል መሠረት ኃላፊነቱ ወደ ገዢው የተላለፈ ዕቃ በጅቡቲ ወደብም ሆነ በሞጆ ደረቅ ወደብ ቢገኝ የገዢው ነው፤ «በጉዞ ላይ ያለ ዕቃ» ተብሎ ለብቻው ይመዘገባል። በአንጻሩ ደረሰኝ ተቈርጦለት ሰኔ 30 የተሸጠ፣ ነገር ግን ደንበኛው ሐምሌ 2 ቀን የሚወስደው ዕቃ በመጋዘን ስለ ታየ ብቻ መቈጠር አይገባውም። እንዲህ ያለው ዕቃ በዋዜማው ተለይቶ፣ የገዢው ስምና የደረሰኙ ቍጥር ተለጥፎበት በአንድ ጥግ ቢቀመጥ ቈጣሪዎቹ አይሳሳቱም።